መርማሪው ሊዝናና ወጣ

በየቤተሰቡ አንድ ጠርጣሪ አይጠፋም። ሌላው ሰው ደስታ ሲያይ እሱ ወጥመድ ያያል፤ ሌላው «እሰይ» ሲል እሱ «ቆይ እስቲ» ይላል። ድግስ ቤት ሲገባ ከወንበር በፊት መውጫ በር ይፈልጋል። ስጦታ ሲሰጡት ገልብጦ ታቹን ያየዋል። ሐኪም «ደህና ነህ» ካለው ሌላ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። «እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም» የሚል ካለ፣ ምናልባት ሰውየው ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

የዚህ ወገን ሊቀ መንበር ሚስቱ «መርማሪው» የምትለው ቁልፍ ሠሪ ነው። ሰፈሩም ስሙን ከእሷ ተውሶ «ክቡር መርማሪ፣ እንዴት ዋሉ?» እያለ ያልፋል። በእርግጥ ሙያው ሰበብ ሆኖታል። ቀኑን ሙሉ «ይሄስ በምንም አይከፈትም» የተባለ በር ሲከፍት የዋለ ሰው፣ ማታ የራሱን በር ቆልፎ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? ነገሩን ሁሉ የሚደመድመው በአንድ አባባል ነው፦ «ከጀርባው ነገር አለ»። ጎረቤት በነፃ ሎሚ ቢሰጠው ከጀርባው ነገር አለ። አውቶቡስ በሰዓቱ ቢመጣ፣ ምን ጥያቄ አለው፣ ከጀርባው ነገር አለ።

ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት። ሰው ወንበሯ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጭንቅላቱን ከነሐሳቡ ለመቀሷ አምኖ ሲሰጣት የምትውል ሴት፣ እንዲህ ያለውን ባል እንዴት እንዳገባች አንዳንዴ ለራሷም ይገርማታል።

የዚህ ታሪክ መነሻ ትልቋ ልጃቸው ናት። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ገና አልበቀሉም። አንድ ቀን እራት ላይ ከከተማው ዳር ስለተከፈተው መዝናኛ ፓርክ አነሳች። የክፍሏ ልጆች ሄደው አይተውታል። ፈረሶች ይሽከረከራሉ፣ ዝሆኖች ይበራሉ፣ ማታ ደግሞ ሰው በሣጥን ጭኖ ሽቅብ በሚዞረው ግዙፍ ጎማ ላይ ተሰቅሎ የመብራት ትርዒት ማየት አለ።

«ማታ ነው ያልሽው?» አለ መርማሪው ማንኪያውን አስቀምጦ።

«ማታ ነው የሚያምረው።»

«ለምን ማታ ሆነ? ቀን እንዳይታይ የፈለጉት ምንድነው?»

እምቢ ግን አላለም። እንዲህ ያለ ሰው እምቢ አይልም፤ ያቅዳል።

ዕቅዱ ከእንቅልፍ ተጀመረ። ትንሹ ልጅ የእራቱ የመጨረሻ ጉርሻ ከጉሮሮው ሳይወርድ የሚያንቀላፋ ዓይነት ነው። ትርዒቱን ለማየት ደግሞ ማምሸት የግድ ነው። መርማሪው «እንቅልፍ ድንገት ከገጠሙት ያሸንፋል» አለና በየምሽቱ ትንሽ ትንሽ እያስመሸ ሊያለማምዳቸው ተነሳ። ተረት አወራላቸው፣ ድብብቆሽ አጫወታቸው። ሚስቱ አንድ ማታ ከሥራ አምሽታ ስትገባ ልጆቹ ከሶፋ ሶፋ ይዘላሉ፤ አሠልጣኙ ወንበሩ ላይ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ትንሹ ልጅ ፎጣ አልብሶታል።

«ዝም በይ፣ አባዬ ተኝቷል» አላት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ።

ከእንቅልፍ ቀጥሎ የመጥፋት ልምምድ መጣ።

«ፓርኩ ውስጥ ብትጠፊ የት ሄደሽ ትቆሚያለሽ?»

«ፏፏቴው ጋ።»

«ፏፏቴው ጋ ሰው ቢበዛስ?»

«ትኬት መቁረጫው ጋ።»

«የማታውቂው ሰው ከረሜላ ቢሰጥሽ ምን ትያለሽ?»

ልጅቷ በወለቁት ጥርሶቿ መሀል እየተነፈሰች «ከጀርባው ነገር አለ» አለች። አባትየው ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ። ልጅ አስተምሮ ማስመረቅ ማለት ይሄ ነው።

የአየር ጠባይ የሚያወራው የቴሌቪዥን ሰው እንኳ ከጥርጣሬው አላመለጠም። «ቅዳሜ ፀሐይ ይሆናል» ባለ ቁጥር መርማሪው «ይሄ ሰውዬ ፓርኩ ውስጥ ዘመድ አለው» ይላል።

እስከዚህ ድረስ ሚስቱ ትስቅ ነበር። ሳቋ የቆመው መርማሪው ራሱ ማምሸት ሲጀምር ነው።

መጀመሪያ ያመሸ ለት «አንድ ሐኪም ቤት በር ተቆልፎባቸው» አለ። ደግ። ግን የመሣሪያ ቦርሳው ከበሩ ኋላ፣ ጠዋት ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም። ቁልፍ ሠሪ ያለ መሣሪያው በር የሚከፍተው በምኑ ነው? በጸሎት? በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ አመሸና፣ ኮቱን ስትሰቅል እጅጌው ላይ ሮዝ ፀጉር አየች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሮዝ ፀጉር። እሷ በሥራዋ ያላየችው የፀጉር ቀለም የለም፤ ብዙውን የቀባችው ራሷ ናት። ይሄን ግን አታውቀውም። በሁለት ጣቷ ስትይዘው ሟሟ፤ ጣቷ ላይ ተጣበቀ። ስትቀምሰው ስኳር ነው።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ለባልደረባዋ ነገረቻት።

«ጥጥ ከረሜላ ነዋ» አለች ባልደረባዋ የደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች። «ደስ አይበልሽ ግን። ጎልማሳ ወንድ ጥጥ ከረሜላ ብቻውን አይበላም።»

ያን ቀን ሚስትየው የአንዷን ደንበኛ ፀጉር ከታዘዘችው በላይ አሳጠረች። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ አገር ያውቃል፤ እሷም ከመርማሪ ጋር ስትኖር ምርመራ ተምራለች። ኪሱን ፈተሸች፤ ባዶ ነው። ከወትሮው ይበልጥ ባዶ ሆኖ ታያት። «ዛሬስ ታመሻለህ?» ስትለው «እንጃ፣ ሥራው ያውቃል» ይላል ዓይኑን ጫማው ላይ ጥሎ። ሌሊት ፊቱን እያየች ታስባለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። የጠረጠረስ ምን አተረፈ? ልጆቹ ቀኑን ሲጠባበቁ ደስታቸውን ላለመንጠቅ ብላ፣ ከፓርኩ መልስ እንደምታፋጥጠው ለራሷ ቃል ገባች።

ቅዳሜ ፀሐይ ሆነ። መርማሪው ሰማዩን ገላምጦት ወጣ።

ፓርኩ በር ላይ ትኬት የምትቆርጠው ወጣት ቀና ብላ አየችውና ፊቷ በፈገግታ በራ። «ጋሼ፣ ዛሬስ ብቻዎን አልመጡም።»

ሚስትየው ትኬት ቆራጯን ከፀጉሯ እስከ ጥፍሯ አየቻት። ፀጉሯ ጥቁር ነው።

«ትተዋወቃላችሁ?» አለች በቀስታ።

መርማሪው «እንግባ፣ እንግባ፣ ሰልፍ ይበዛል» እያለ ልጆቹን ነድቶ አለፈ። ከፈረሶቹ ጋ ግን ማለፍ አልቻለም። ፈረሶቹን የሚያሽከረክረው ሰው ከሩቅ እጁን አነሳ።

«ጋሼ፣ ያቺን ብሎን አጥብቀናታል። እንዳሉት ነው፣ ላልታ ነበር።»

«የቷ ብሎን?» አለች ሚስት።

ሰውየው አንዴ ባልየውን፣ አንዴ እሷን አየ። ከዚያ ደብቅ ያለው ስለሌለ ተናገረ። ጋሼ ሥራቸውን ጨርሰው ብቻቸውን ሲመጡ ነበር። የልጆቹን መጫወቻ አንድ በአንድ ተቀምጠው ሞክረውታል። ቀበቶውን ይስባሉ፣ መወርወሪያውን ይነቀንቃሉ። «ዝሆኑ ለትልቅ ሰው አይሆንም ብንላቸው አልሰማ አሉ። ጉልበታቸው አገጫቸውን እየመታ ዞሩ። ሕፃናቱ ሲስቁባቸው ላንዷ ጥጥ ከረሜላ ገዝተው ታረቋት።»

ሚስትየው ባሏን አየችው። ጆሮው ቀልቷል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ትስቂብኛለሽ ብዬ።»

እውነቱን ነው፤ ትስቅበት ነበር። ለካ ስንት ሌሊት እንቅልፏን ያጣችበት ውሽማ ጆሮው ሰፋፊ የላስቲክ ዝሆን ኖሯል።

«ያልሞከሩት ግዙፉን ጎማ ብቻ ነው» አለ ባለ ፈረሱ። «ተሰልፈው ተራቸው ሲደርስ ይመለሳሉ።»

ይሄን ማንም ሊነግራት አያስፈልግም ነበር። መርማሪው ከፍታ ይፈራል። አምፖል የምትቀይረው እሷ ናት።

ቀኑ እንደ ዕቅዱ ሄደ። ፈረስ ተጋለበ፣ ዝሆን በረረ፣ ማንም አልጠፋም። ጀንበር ስትጠልቅ ያ ሁሉ የማምሸት ልምምድ ውኃ በላው፤ ትንሹ ልጅ እናቱ ትከሻ ላይ ተኛ፣ ቢያወርዱት ሊያለቅስ። ትልቋ ግን ዓይኗ ጎማው ላይ ነው።

«እኔ ልውሰዳት፣ አንተ እሱን ያዝ» አለች እናት። ልጁ ግን አንገቷን አንቆ አልላቀቅም አለ።

መርማሪው ጎማውን ከታች እስከ ላይ አየው። «ከጀርባው...» ብሎ ጀመረና የልጅቷን ፊት ሲያይ ተወው። እጇን ይዞ ገባ። መወርወሪያው ሲዘጋ ደጋግሞ ነቀነቀው፤ ከዚያ ወደ ላይ ወጡ።

ጫፍ ላይ ሲደርሱ መብራት ጠፋ።

ጎማው ቆመ፣ ዘፈኑ ቆመ፣ ፓርኩ ሁሉ ጨለመ። ከየአቅጣጫው የልጆች ለቅሶ ተነሳ። ሚስትየው ከታች ሆና አንጋጠጠች፤ የሚታያት የጥቁር ሣጥን ቅርጽ ብቻ ነው፣ በነፋስ ይወዛወዛል። የጎማው ሠራተኛ «አሁን ጄኔሬተር ይነሳል» ይላል፣ አይነሳም። ከላይ የልጇን ለቅሶ ለመስማት ጆሮዋን አቆመች። ምንም የለም። ዝምታው ከለቅሶ ባሰባት። የተኛውን ልጅ አጥብቃ አቅፋ፣ ባሏን ለባልደረባዋ ያማችበትን ምላስ ነክሳ ቆመች።

ጄኔሬተሩ እያጓራ ሲነሳ ጎማው ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ የወረደችው ልጅቷ ናት፤ ደረቷን ነፍታለች። አባቷን በእጁ እየጎተተች አወጣችው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እማዬ፣ አባዬ በጣም ፈርቶ ነበር» አለች። «እኔ ነኝ የያዝኩት። ‹አጥብቀሽ ካልያዝሽኝ አለቅሳለሁ› አለኝ። ዓይንህን ጨፍን አልኩት፣ ዘፈን ዘፈንኩለት። አላለቀሰም።»

«አንቺስ አልፈራሽም?»

ልጅቷ ጥያቄው ገረማት። «እሱን ይዤ?»

ወደ ቤት የሚወስደው አውቶቡስ ግማሹ ባዶ ነበር። ልጅቷም ተኝታለች፣ የአባቷን እጅጌ በእንቅልፏም አልለቀቀችም። ሚስትየው ከጎኑ ተቀምጣ ጠየቀችው።

«የምርህን ፈርተህ ነው ወይስ እሷ እንዳትፈራ ብለህ?»

መርማሪው በመስኮቱ እያየ «አንቺ ምን ይመስልሻል?» አላት።

ፊቱን መረመረችው። ዓይኑን፣ ከንፈሩን፣ እስካሁን እንደቀላ ያለውን ጆሮውን። ከጀርባው አንድ ነገር እንዳለ እርግጠኛ ናት። ራሷን ትከሻው ላይ ጣለችና ዓይኗን ጨፈነች።