ባለወርቅ ጆሮው ብሉቱዝ ሲመዝን

[ናይሮቢ፣ ኡሞጃ ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ቤት። ከመስኮቱ ሥር የማታቱ ታክሲዎች መቆሚያ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከስልክ በብሉቱዝ ዘፈን ተቀብሎ ለስፒከር የሚያቀብል፣ የድምፅ ማዞሪያ ያለው ትንሽ ዕቃ ተቀምጧል። ኦዱንጋ ክራባት አስሯል። አብሮት የሚኖረው ጋቶጎ የሚቀርጽበትን ስልክ ይዟል።]

ጋቶጎ፦ እኔ የምለው ዕቃው ወደ ግራ ይጠጋ ነው። ሽቦው ሶኬቱ ጋ አይደርስም።

ኦዱንጋ፦ የምን ሽቦ?

ጋቶጎ፦ ይቺ የተንጠለጠለችው።

ኦዱንጋ፦ ብሉቱዝ ማለት ምን ማለት ነው?

ጋቶጎ፦ ያለ ሽቦ።

ኦዱንጋ፦ ታዲያ ያለ ሽቦ በሚሠራ ዕቃ ላይ ሽቦ ትጠይቀኛለህ? ይቺን ፋብሪካው የሚያንጠለጥላት የድሮ ሰው እንዳይደነግጥ ብሎ ነው።

ጋቶጎ፦ እኔ እኮ አልደነገጥኩም።

ኦዱንጋ፦ እንግዲያው ዝም በል! የዕቃው ሻጭ ማማ ኬሩቦ ሱቋ ሆና ታየናለች። ዛሬ ከወደደችኝ የሱቁ ዕቃ መርማሪ አድርጋ ትቀጥረኛለች። ካልወደደችኝ ኪሱሙ ወንድሜ ጋ ተመልሼ ዓሣ ላጸዳ ነው። በል፣ ቀጥታ ስርጭቱን ጀምር።

ጋቶጎ፦ ጀምሬያለሁ።

ኦዱንጋ፦ [ጥርሱን ብልጭ አድርጎ] ጤና ይስጥልኝ የድምፅ ወዳጆች! ባለወርቅ ጆሮው ኦዱንጋ ነኝ። የስልኬን ድምፅ ዘግቼዋለሁ፤ የምትሰሙት ሁሉ ከዚህች ዕቃ የሚወጣ ነው። ዘፈኑን ነካሁት፣ ማዞሪያዋን ከፍ…

[ከመስኮቱ ሥር አንድ ማታቱ መጥቶ ይቆማል። ሙዚቃው መስታወቱን ያንቀጠቅጠዋል።]

ኦዱንጋ፦ ኧረ ጉድ! ሰማችሁ? ቤዙ ሆዴ ገባ!

ጋቶጎ፦ መስኮቱም ተንቀጠቀጠ።

ኦዱንጋ፦ ጥሩ ዕቃ ቤት ይነቀንቃል።

[የወያላ ድምፅ፦ «ታውን! ታውን! ሁለት ሰው ብቻ!»]

ጋቶጎ፦ ዘፋኙ «ሁለት ሰው ብቻ» አለ።

ኦዱንጋ፦ ስለ ፍቅር ነዋ! ሦስት ሆኖ የሚፋቀር አለ?

ጋቶጎ፦ «እናቴ፣ ዶሮዋን ጭንሽ ላይ አድርጊያት» አለ።

ኦዱንጋ፦ ቅኔ ነው! አንተ ሙራንጋ ገጠር ሻይ ቅጠል ስትለቅም ያደግክ፣ ቅኔ ከየት ይገባሃል?

[የመኪና ጥሩምባ ይጮኻል።]

ኦዱንጋ፦ ጥሩምባው! አቤት ጥራት! ነፊው እዚሁ አጠገቤ የቆመ ነው የሚመስለው!

ጋቶጎ፦ ጭስም ሸተተኝ።

ኦዱንጋ፦ አዲስ ዕቃ ሲሞቅ ይሸታል።

ጋቶጎ፦ ናፍጣ ናፍጣ ነው የሚለው።

ኦዱንጋ፦ ወዳጆቼ፣ የሚቀርጸኝ ልጅ ዜማና ናፍጣ አይለይም፣ ይቅር በሉት። አሁን ማዞሪያዋን ቀስ አድርጌ ልቀንስ…

[ማታቱው ይነሳል። ሙዚቃው እየራቀ ሄዶ ይጠፋል።]

ኦዱንጋ፦ አያችሁ ታዛዥነቷን? በጣት ጫፍ!

ጋቶጎ፦ እስኪ መልሰህ ጨምረው።

ኦዱንጋ፦ [ያዞራል። ምንም የለም። እስከ መጨረሻው ያዞራል።]

ጋቶጎ፦ ዝም አለች።

ኦዱንጋ፦ ዝም አላለችም! ዝምታውን እያሰማችን ነው። ርካሽ ዕቃ ዝም ሲል እንኳ «ሽሽሽ» ይላል። ይቺ ግን፣ ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ… ምንም! እንዲህ ያለ ንጹሕ ምንም ሰምቼ አላውቅም! ከአሥር አሥር ሰጥቻታለሁ!

ጋቶጎ፦ እንዲህማ ከሆነ የኔም ጫማ ከአሥር አሥር ነው።

ኦዱንጋ፦ [ጥርሱን ነክሶ] አንተን በኋላ! ደህና ሁኑ ወዳጆቼ!

[የኦዱንጋ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ይንዘፈዘፋል።]

ኦዱንጋ፦ ማማ ኬሩቦ ናት! ጮክ ላድርጋትና አንተም ስማ፣ ትማርበታለህ። አቤት ማማ!

ማማ ኬሩቦ፦ [በስልክ] ስርጭቱን ጨርሰሃል አይደል?

ኦዱንጋ፦ ጨርሻለሁ ማማ!

ማማ ኬሩቦ፦ አንተ ሰው፣ ዕቃው እኮ አልተሰካም! ስትጨፍርበት የነበረው የማታቱ ሙዚቃ ነው!

ኦዱንጋ፦ [ሽቦዋን ያያል] እ… እሱማ… ማማ፣ እኔ…

ማማ ኬሩቦ፦ አይዞህ፣ ቢሰካም አይሠራም! ከኔ የገዛው ሁሉ በማግስቱ ሊመልሰው ይመጣል፣ እኔም አልቀበልም። አንተ ግን ሞቶ የተጋደመ ዕቃ ከአሥር አሥር ሰጠህ! እንዳንተ ያለ ሰው ስፈልግ ነው የኖርኩት።

ኦዱንጋ፦ ማለት… ተቀጠርኩ?

ማማ ኬሩቦ፦ ከነገ ጀምሮ! መጋዘን ሙሉ የማይሠራ ዕቃ አለኝ፤ በምላስህ ታሠራልኛለህ። [ትዘጋለች]

ኦዱንጋ፦ [ትንሽ ያቀረቅራል፤ ወዲያው ክራባቱን ያስተካክላል] ሰማህ አንተ ገጠሬ? ጆሮ ያለው ሥራ ፈትቶ ይቆማል፣ ምላስ ያለው ይቀጠራል! ማን ሞኝ እንደሆነ አየህ? አሁን ስልኩን አምጣ።

ጋቶጎ፦ ቆይ፣ ሰዎቹን ልሰናበታቸው።

ኦዱንጋ፦ የትኞቹን ሰዎች?

ጋቶጎ፦ የሚያዩንን ነዋ። «ደህና ሁኑ» አልካቸው እንጂ የሄደ ሰው የለም። እንዲያውም ማማ ኬሩቦ ስታወራ ጊዜ በዝተዋል።

ኦዱንጋ፦ [ወንበሩን በእጁ እየፈለገ ይቀመጣል] ምን… ምን ይላሉ?

ጋቶጎ፦ [ያነባል] «የገዛነውን ዕቃ ይዘን እንመጣለን። አዲሱ መርማሪ ነገ በስንት ሰዓት ይገባል?» ሁለት ሰዓት ልበላቸው?