አዴር ጃማ ጠረጴዛ ሲደበድቡ

በየከተማው አፋችሁን ሳትከፍቱ የሚያርማችሁ አንድ ሰው አይጠፋም። ለጅጅጋ የደረሷት አዴር ጃማ ናቸው። "አዴር" በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ እኔ ስናደድ ግን "ክቡርነታቸው" እላቸዋለሁ። ጣልያን አገር፣ ቶሪኖ ሃያ ዓመት ጋራዥ ሠርተው ተመልሰዋል። ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ጫቱ ላይ ሲሰየም፣ እሳቸው እኛን አምስታችንን ጣልያንኛ ያስተምራሉ።

ማስተማር ከተባለ! ዘዴያቸው ድብደባ ነው፤ ጠረጴዛውን ማለቴ ነው። ግሱን ትቆራርጡታላችሁ፣ ድምፁ የሚበረታበት ቦታ ላይ ስትደርሱ በቡጢ ትመታላችሁ። "ይኖራሉ" ለማለት "አቢታኖ" ነው። እኔ "ታ" ላይ መታሁ።

"አገሬ! 'አ' ላይ! መጀመሪያው ላይ! ምነው፣ ግሱ ምን አደረገሽ?" ብለው በስሜ ጮኹብኝ።

እንደገና። አሁንም እንደገና። "ወላጆቼ ደብረ ብርሃን ይኖራሉ" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ሦስት ወር ሙሉ ጨርሼ አላውቅም። ሻይ የምታመጣልን ላዳን እንኳ ብርጭቆውን ሳታስቀምጥ ጠረጴዛ መምታት ጀምራለች። ኧረ በሕግ!

በመጨረሻ ፈነዳሁ። "አዴር፣ ቃለ መጠይቄ ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ነው! የሚጠይቁኝ ስለ ላቦራቶሪ ሥራዬ ነው እንጂ ስለ ግስ አይደለም!" ጣልያን የሚያስኬደኝ የነፃ ትምህርት ዕድል ይሄ ብቻ ነው፤ ከዘንድሮ በኋላ ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም።

"ያልተመታ ግስ አያሻግርም" አሉኝ ቀና እንኳ ሳይሉ። በሩን አላትሜ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ የቪዲዮው ቃለ መጠይቅ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው መብራት ድርግም አለ። ላፕቶፔ ቻርጅ ነበረው። ግን የምኖረው ከሱቆቹ ጀርባ ነው፤ የሱቁ ጀነሬተር ሁሉ በአንዴ ተነሳና የራሴን ድምፅ እንኳ መስማት አቃተኝ። እንባዬ መጣ። ከዚያ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። መብራት መጣ ብዬ ሦስቱን ፈረንጆች አርባ ደቂቃ አነጋገርኳቸው።

ስወጣ ካፊያ የምትባለው ባለሱቅ ደጄ ላይ ቆማለች፣ ቱግ ብላ።

"አባትሽ ጀነሬተሬን አስጠፍተው አይስክሬሜ ውሃ ሆነ!"

"የቱ አባቴ?"

"ጃማ ናቸዋ! 'ልጄ ፈተና ላይ ናት' እያሉ ሱቅ ለሱቅ ሲለምኑ ነበር። እኚያ ኩሩ ሰውዬ! እንዴት እምቢ ልበላቸው?"

ሳምንት ሳይሞላ መልሱ መጣ፤ አልፌያለሁ። ይኸው አሥር ቀን ሆነኝ፣ አልነገርኳቸውም። በየቀኑ እሄዳለሁ፣ ይጮሁብኛል፣ እበግናለሁ። ከነገርኳቸውማ ትምህርቱ አበቃ ማለት ነው።