በቀኝ ሽጉጥ፣ በግራ ኪሎ

ሰው የደበቀው ነገር እንደማይታይበት እርግጠኛ የሚሆነው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አዲስ ጫማ የገዛ ሰው እግሩን እያነሳ ያሳያችኋል። ሚስጥር የያዘ ሰው ደግሞ መላ ሰውነቱን ያሳያችኋል፤ ልዩነቱ እሱ የደበቀ መስሎት መሆኑ ብቻ ነው። እኔ ሁለቱንም ሆኜ አይቻለሁ። ጫማው አልቆ ተረሳ። ሚስጥሩ ግን ሊያሰቅለኝ ትንሽ ስለቀረው እሱን ላውጋችሁ።

ሚስጥሬ ሽጉጥ ነበረች። ሽጉጥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከመዳፍ ጥቂት የምትተርፍ፣ ሁለንተናዋ ብረት የሆነ፣ ቀለሟ ከመታሸት ብዛት እንደ አሮጌ ማንኪያ የነጣ አሮጊት ናት። አጎቴ ጎሬ ከነበረ አንድ ግሪክ ነጋዴ በቅሎውን ሰጥቶ ነው የለወጣት። የአጎቴን ሚስት ብትጠይቋቸው፣ በቅሎዋ ሌላው ቢቀር ትራገጥ እንደነበር፣ ይህቺ ግን ያንንም እንደማታውቅበት ይነግሯችሁ ነበር። አጎቴ ሊሞት ሲል አስጠራኝና ሽጉጧን ከሁለት ጥይት ጋር በእጄ አኖራት። ጥይቶቹ አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። ከጎንህ አትለያት አለኝ። ሌላ ኑዛዜ አልነበረውም፤ ሌላ ሀብትም አልነበረውም።

ጣሊያን ኢሉባቦርን እንደያዘ፣ መሣሪያ ያለው ያስረክብ፣ ሳያስረክብ የተገኘ ይሰቀላል ብሎ አስነገረ። ለምን አላስረከብክም ትሉኝ ይሆናል። ሽጉጥ ያስረከበን ሰው ጠመንጃህስ ብለው እንደሚይዙት አይቻለሁ። ታዲያ ለምን አልቀበርካትም? የእኛን አገር ዝናብ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ። መቱ ላይ ብረት ብትቀብሩ በሳምንቱ የምታወጡት ቀይ አፈር ነው። ቤት እንዳልተዋት ደግሞ የምኖረው በጌታዬ በሐጂ ኢብራሂም ግቢ ነው፤ ፍተሻ መጥቶ ብትገኝ የሚሰቀሉት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ጎሬ ያለ ልብስ ሰፊ የሱሪዬን ኪስ በድርብ አቡጀዲ ሰፋልኝና ተሸክሜያት መዞር ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ጭኔ ላይ ስታርፍ የምትቀዘቅዘውን ቅዝቃዜ ለጠላቴም አልመኝ።

ሥራዬ መዛኝነት ነው። ሐጂ ኢብራሂም ቡና ይገዛሉ፤ እኔ በየሳምንቱ ከመቱ ተነስቼ የሶርን ወንዝ ተሻግሬ ገበሬው ዘንድ እመዝናለሁ። ገበሬዎቹ አባ መዳሊ ይሉኛል፣ የሚዛኑ ጌታ እንደማለት ነው። ሶር መሻገሪያው ላይ ጣሊያን ኬላ አቁሞ ባንዳዎች ያስጠብቃል። በዚያ ኬላ ሳምንት በሳምንት ሽጉጤን ይዤ ሳልፍ ማንም አልነካኝም። በዚህም በጣም ኮራሁ። እንደ እኔ ያለ ጥንቁቅ፣ እንደ እኔ ያለ ረቂቅ ሰው በዚህ አውራጃ ይኖር ይሆን እያልኩ እሄድ ነበር።

አንድ ቀን እትዬ አስካለ ጠሩኝ። እትዬ አስካለ ጎሬ መንገድ ዳር ጠጅ የሚሸጡ፣ በራቸው ላይ ተቀምጠው የመቱን ሕዝብ አረማመድ በቃላቸው የያዙ ሴት ናቸው። ተሰማ ወንድሜ፣ በቀኝ ኪስህ ያለው ብረት አልከበደህም ወይ አሉኝ። ማን ነገረዎት አልኳቸው። አንተው ነህ እንጂ፣ ወደ ቀኝ ዘመም እያልክ ስትሄድ ከመስከረም ጀምሮ ሳይህ ነው የከረምኩ፤ አብሮህ የሚሄድ ሰው ሁሉ በግራህ የሚሆነው ለምን ይመስልሃል፣ በቀኝህ ከሆነ ገፍተህ ቦይ ትከተዋለህ አሉኝ። ኬላው ላይ ያሉት እስካሁን ያላወቁት አስተውለው የሚያዩ ሰዎች ስላልሆኑ ነው፣ አንድ ቀን ያዩህ ዕለት ግን አለቀልህ አሉ።

የጠሩኝ ግን ለዚህ ብቻ አልነበረም። ወንድማቸው ከሶር ማዶ ጫካ ገብቷል። ምንሽር ጠመንጃ አለው፣ ጥይት የለውም። እሳቸው ጋ የሚጠጡ የጣሊያን አስካሪ ወታደሮች ደግሞ ጠጁ ሲጥማቸው በሂሳብ ፋንታ ጥይት እያስቀመጡ ይሄዳሉ። ከጋን ሥር ጥይት አለ፣ ከወንዝ ማዶ ጠመንጃ አለ፣ በመካከል ኬላ አለ፤ በኬላው የሚያልፍ ደግሞ አንተ ነህ አሉኝ። ካልደረሰለት እንደ ሚዳቋ ነው የሚያድኑት ሲሉ ድምፃቸው ቀነሰ።

እዚህ ላይ ጀግና የሆንኩ መስሏችሁ ከሆነ አሳፍራችኋለሁ። እትዬ፣ ለመሰቀል አንዱ ብረት ይበቃኛል፣ ለምን እጨምራለሁ አልኳቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም፤ ግማሽ ብርሌ ቀድተው ሰጡኝና፣ በል እንግዲያው ቢያንስ ቀጥ ብለህ ሂድ አሉኝ። ያን ጠጅ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቅ።

ቤቴ ገብቼ ሽጉጧን ሚዛን ላይ አወጣኋት። አንድ ነጥር ተኩል፣ ነቅነቅ የለም፤ ነጥር የድሮ መለኪያ ነው፣ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። መዛኝ ሰው ችግር ሲገጥመው የሚያውቀው መላ አንድ ነው፤ በዚያኛው በኩል ይጨምራል። ባለ አንድ ነጥሩንና ባለ ግማሽ ነጥሩን የሚዛን ድንጋይ ግራ ኪሴ ከተትኳቸው። ድንጋይ እንላቸዋለን እንጂ እነሱም ብረት ናቸው። በማግስቱ በእትዬ አስካለ በር ሳልፍ እንደ ወታደር ቀጥ ብዬ ነበር። ሱሪዬ ብቻ ሁለት ቀበቶ ይፈልግ ጀመር።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ተሻገርኩ። ለካ በዚያ ሰሞን ጣሊያን ሌላ አዋጅ አውጥቷል፤ ነጥርና ፈረሱላ ቀርቷል፣ የድሮ የሚዛን ድንጋይ ይሰብሰብ፣ ከእንግዲህ በኪሎ ነው የሚመዘነው ብሏል። ሐጂ ሰምተው ኖሮ ሊነግሩኝ ረስተዋል። ሶር ስደርስ የኬላው ጠባቂ፣ የቡሬ ልጅ ነው፣ ኮቱ፣ ና እንደማለት ነው፣ አለኝ። ቀረብኩ። አንተ መዛኙ አይደለህም፣ ድንጋዮችህ የታሉ አለና ግራ ኪሴን መታ አደረገው። ኪሴ ቋ አለ።

ሽጉጥ የደበቀ ሰው በድንጋይ ሲያዝ ምን እንደሚሰማው የጻፈ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጠባቂው የተከለከሉ ሁለት ድንጋዮች በእጁ ስላስገባ ፊቱ በራ፤ የተደሰተ ሰው ደግሞ ፍለጋውን እዚያው ላይ ያቆማል፣ ቀኝ ኪሴን አልነካም። ድንጋዮቼን በራሱ ግራ ኪስ ከቶ፣ ወደ መቱ ወደ ጣሊያኑ ሹም ይዞኝ ተመለሰ። እኔ ግራዬ ባዶ ሆኗልና ወደ ቀኝ አዘነበልኩ። እሱ ግራው ሞልቷልና ወደ ግራ አዘነበለ። በቀኜ ነበር የሚሄደው፤ መንገዱን ሙሉ ትከሻችን ሲጋጭ ዋለ። ምን ሆነህ ነው የምትገፋኝ ሲለኝ ቁርጥማት ነው አልኩት። እናቱም እንዳለባቸው፣ ቅቤ በነጭ ሽንኩርት አሽተው እንደሚቀቡ ከልቡ አዝኖ ነገረኝ።

ሹሙ ዘንድ ገባን። ሹሙ በአስተርጓሚ፣ ይህ ሰው ተፈትሿል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጠባቂው ሳይፈትሽ አመጣሁት ይላል እንዴ? ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ፈትሼዋለሁ አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ውሸት ሰምቼ አላውቅም። ሹሙ ቀጠለ፤ የሚዛን ድንጋይ ቦታው ከሚዛኑ ጋር ነው፣ ይህ ሰው በኪሱ ይዞ የሚዞረው ለምንድን ነው አለ። ሽጉጧ አጠገቤ ካለው ወንበር ጋር ስትነካካ ይሰማኛል። እውነቱን ከመናገር በቀር ምንም አልመጣልኝ ሲል፣ ያለቦታው የሆነ እውነት ትዝ አለኝ። በእኛ አገር ደግ መዛኝ ድንጋዩን ከሰው ቤት አያሳድርም። ካሳደረው ይፋቅበታል፣ ይቀየርበታል፤ ገበሬውም ድንጋዩ ከሰውነቱ የተለየን መዛኝ አያምነውም። ይህንኑ ነገርኩት፤ ብዙው ደግሞ እውነት ነው፣ የድሮ መዛኞች በአንገታቸው ሳይቀር ያስሩት ነበር።

አስተርጓሚው ሲጨርስ ሹሙ ፊቱ ለሰለሰ። ከእናንተ መካከል ሐቀኛ ሰው አገኘሁ አለ። የኔን ድንጋዮች መሳቢያው ውስጥ ወረወረና የመንግሥቱ ማኅተም የተመታበት አዲስ የአንድ ኪሎ ብረት አውጥቶ ሰጠኝ። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ከኪስህ እንዳትለይ፣ ኬላ ላይ ስትጠየቅ ታሳያለህ፣ ብትጥለው ትታሰራለህ አለኝ። እጅ ነስቼ ወጣሁ። በር ላይ ጠባቂው አየኝና፣ ቁርጥማትህ ወደ ግራ ዞረ እንዴ አለኝ።

ዞሯል። ኪሎ ከሽጉጧ ይበልጣል። በሽጉጧ ላይ የአጎቴ ቃል አለብኝ፣ በኪሎው ላይ የሮማ ትዕዛዝ፤ ሁለቱንም መጣል አልችልም። ሚዛኑን ዘርግቼ ሽጉጧን በአንድ በኩል፣ ኪሎውን በሌላው አኖርኩና የጎደለውን ፈለግሁ። ምስማር ሞከርኩ፣ አሞሌ ሰባራ ሞከርኩ፣ የሐጂን የቁልፍ እጀታ ሞከርኩ። ከዚያ ሚዛኑን በነጠላ ጠቅልዬ ተነሳሁ፤ ራሴን ያገኘሁት እትዬ አስካለ ቤት ነው።

ሽጉጧንና ኪሎውን ሚዛኑ ላይ አኑሬ አሳየኋቸው። ከጋኑ ሥር ጥይት አወጡና አንድ በአንድ ከሽጉጧ ጎን ደረደሩት። በአሥራ ሁለተኛው ጥይት የሚዛኑ ዘንግ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሳምንት ከዚህ በላይም አይገኝ አሉኝ።

ኬላው ላይ ያ የቡሬ ልጅ አስቆመኝ። ኪሎዬን አሳየሁት። ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና፣ አሁን ቀጥ ብለሃል፣ ቅቤው ሠራ ማለት ነው፣ ነጋቲ፣ በሰላም ሂድ ብሎ አሳለፈኝ። ሶርን ተሻገርኩ። ጫካው ውስጥ የእትዬ አስካለ ወንድም ጥይቶቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ ተቀበለኝ። ከዚያ ሽጉጧን ይየው ብዬ ሰጠሁት። ቃታዋን ሳበ። ቃታዋ እንደተሳበች ቀረች። ቃታዋን የሚመልሰው ከሆዷ ያለው ሞላ ከተሰበረ ዘመን ሆኖታል፤ ግሪኩም ሳያውቅ አልቀረም። ወንድምየው እስኪያነባ ሳቀና፣ በዚህች ነው ልትሰቀል የነበረው፣ በል ጣላት አለኝ። በሕይወቴ ለዚያች ሽጉጥ ብዬ ሰው የተቀየምኩት ያን ቀን ነው። ኪሎውን ምን ይመክትልኛል ብዬ ነጠቅሁትና ኪሴ መለስኳት።

እንዲህ ሆኜ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ በየሳምንቱ ተመላለስኩ፤ አሥራ ሁለት ጥይት፣ አንድ ሙት ሽጉጥ፣ አንድ የጣሊያን ኪሎ። ነፃነት ሲመጣ ሽማግሌዎች ጎሬ ተቀምጠው ማን ምን እንደሠራ ይመዘግቡ ጀመር። እኔም ተጠራሁ። እንዳያጋንኑብኝ ብዬ እውነቱን ነገርኳቸው፤ አርበኛ የሆንኩት አገር ወድጄ ሳይሆን ኪሎው ከሽጉጤ በልጦብኝ ነው፣ ማካካሻ ፍለጋ ነው አልኳቸው። ሳቁ፣ ጻፉ፣ አሰናበቱኝ። የእትዬ አስካለ ወንድምም በሕይወት ስለነበር ከጎናቸው ተቀምጦ ሳቀ።

እትዬ አስካለ ብቻ አልሳቁም። በር ላይ ጠብቀው ክንዴን ያዙኝና፣ ተሰማ፣ መቱ ውስጥ ጠጠር ጠፍቶ ነበር ወይ አሉኝ። እፍኝ ጠጠር ቀኝ ኪስህ ብትጨምር አይበቃህም ነበር?

ይህን ጥያቄ ከእሳቸው በቀር የጠየቀኝ የለም። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ክረምት ነበር እኮ እትዬ፣ ጠጠሩ ሁሉ እርጥብ ነበር፣ ሽጉጤን ያዝግብኛል ብዬ ነው አልኳቸው።