የጋሽ ኢዝ ቱ ቢ ቀጠሮ

በዚህች ከተማ ጡረታ ወጥቶ ማስተማር ያላቆመ የእንግሊዝኛ መምህር የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛ ሰፈር የለውም የሚል ካለ ሰፈሩን በደንብ አልዞረውም። ምልክታቸው አንድ ነው። ፀሐይም ዝናብም የማያስወልቃቸው ኮት፣ ደረት ኪሳቸው ላይ ቀይ እስክሪብቶ፣ እሳቸው ብቅ ሲሉ ደግሞ ድንገት ጉዳይ ትዝ ብሎት መንገድ የሚሻገር ትልቅ ሰው።

ለእኛ ለአቃቂ በሰቃዎች የደረሱን ክቡር መምህር ተስፋሚካኤል ናቸው። በሌሉበት ግን ስማቸው «ጋሽ ኢዝ ቱ ቢ» ነው። ይህ ስም የወጣላቸው ከሁሉ አብልጠው ከሚወዱት ትምህርት ነው። እንግሊዞች ወደፊት እንዲደረግ የተወሰነን ነገር አድራጊውን ሳይጠሩ መናገር ሲፈልጉ «ኢዝ ቱ ቢ» ይሉና ግሱን ያስከትላሉ። ድልድዩ ሊሠራ ነው፣ ስብሰባው ሊካሄድ ነው፣ ልጁ ሊቀጣ ነው። ማን እንደወሰነ አይነገርህም፤ አንተንም የጠየቀህ የለም፤ ነገሩ ግን አልቋል።

እኔ ላይ የደረሰው ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አንድ ሐሙስ ሰሌዳው ላይ «ዩ አር ቱ ቢ ኤግዛምንድ» ብለው ጻፉና ወጡ። ልትፈተኑ ነው ማለታቸው ነው። መቼ እንደሆነ አልነገሩንም። ፈተናው የመጣው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው፤ አሥራ አንዱንም ሌሊት ደብተሬን ታቅፌ አደርኩ።

ጡረታ ሲወጡ ተገላገልን ብለን ነበር። እሳቸው ግን ግቢያቸው በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀሉና ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ለሰፈሩ ሰው በነፃ ማስተማር ጀመሩ። ነፃ መሆኑ ጥሩ ነው። መጥፎው ነገር ምሳሌ የሚሠሩት በተማሪዎቻቸው ስም መሆኑ ነው። የጻፉት ደግሞ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ አይጠፋም፤ አላፊ አግዳሚው ያነበዋል።

ብየዳ ቤት ያለው ታጁ አንድ ቅዳሜ ስሙን አየ። «ታጁ ኢዝ ቱ ቢ ቪዚትድ ኦን ቲዩዝደይ።» ማክሰኞ ታጁ ሊጎበኝ ነው።

«መምህር፣ ማነው የሚጎበኘኝ?» አለ ታጁ፣ ላቡ እየመጣ። «ደንብ አስከባሪ ነው? ግብር ነው?»

«አድራጊው አይጠየቅም!» አሉ መምህር። ይህቺ የዘወትር ቃላቸው ናት።

ታጁ ሰኞ ማታ ቤቱን ቆልፎ ቱሉ ዲምቱ ወንድሙ ጋ አደረ። ማክሰኞ ጠዋት የመጡት ጎብኚ ራሳቸው መምህር ነበሩ፤ የተሰበረ የበር ማጠፊያ በፌስታል ይዘው። የተዘጋ በር ፊት አንድ ሰዓት ቆመው «ይህ ሰው ቀጠሮ አያከብርም» እያሉ ሄዱ።

የሐጀራ ግን የባሰ ነው። ሐጀራ መንገድ ዳር ሱቅ አላት። አንድ ቀን «ሐጀራስ ሾፕ ኢዝ ቱ ቢ ሙቭድ» የሚል ተጽፎ አገኘች፤ ሱቋ ሊነሳ ነው። መንገድ በሚሰፋበት፣ ሰው በየጠዋቱ አጥሩ የ«ይፈርሳል» ቀይ ቀለም ተቀብቶ ይሆን ብሎ በሚያይበት ዘመን፣ እንዲህ ያለ ነገር ለምሳሌ ይጻፋል? ሐጀራ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሱቋን ግማሽ ዕቃ ሳሪስ እህቷ ቤት አድርሳ ተመለሰች።

«እኔ እኮ ግሱን ለማሳየት ነው» አሉ መምህር፣ ነገሩን ሲሰሙ።

«ወላሂ፣ መምህር፣ ግሱን በራስዎ ቤት ያሳዩ!»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሐጀራ ፊት ወንበር ላይ ነበረች። ታጁም። እኔም፣ ጋዜጣ ላይ የምጽፍ የአርባ ሁለት ዓመት ሰው፣ ደብተሬን ይዤ። ለምን እንደምንሄድ ብንጠየቅ መቅረት ስለምንፈራ ነው የምንለው።

ባለፈው ወር ሁለት ቅዳሜ ሰሌዳው ባዶውን ዋለ። ስማችን እንዳይጻፍ ስንንቀጠቀጥ የኖርን ሰዎች ባዶውን ስናየው የባሰ ፈራን። «አንተ ሂድ፣ አንተን ከልጅነትህ ያውቁሃል» ብለው እኔን ላኩኝ።

መምህር ኮታቸውን እንደለበሱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ልጅ የላቸውም፤ ቤቱ ጭር ብሏል። አንገታቸው ላይ የጠመጠሙትን ሻርፕ ፈቱና እንቅርታቸውን አሳዩኝ። የቡጢ ያህል ሆኗል። ቀጥለው ከሆስፒታል የተሰጣቸውን ወረቀት አቀበሉኝ። «ዘ ፔሸንት ኢዝ ቱ ቢ አድሚትድ» ይላል፤ በሽተኛው ሊተኙ ነው፣ ለቀዶ ጥገና። ዓረፍተ ነገሩ ጎን በቀይ እስክሪብቶ ራይት አድርገውበታል።

«ሰዋስዉ ንጹሕ ነው» አሉ።

«ቀኑ ግን አልፏል እኮ፣ መምህር።»

«ሁለት ጊዜ አልፏል። ሁለቱንም ቀን ለብሼ እዚሁ ተቀምጬ ዋልኩ።» ወረቀቱን መልሰው ተቀበሉኝና አጠፉት። «ብሩህ፣ ይህን አነጋገር ሠላሳ አራት ዓመት አስተማርኩ። እንዲህ እንደሚያስፈራ የነገረኝ ሰው የለም።»

ማን ይንገራቸው? ሁላችንም እሳቸውን ፈርተን።

«ዕብጠቱ የድምፅ ጅማቴ ላይ ተኝቷል ብለውኛል። ሲያወጡት ድምፄ አብሮ ሊሄድ ይችላል። መሞቱንስ እሺ። ድምፅ የሌለው መምህር ምን ይባላል?»

በልጅነቴ መልስ ሲጠፋኝ እንደማደርገው ጫማዬን ጫማዬን አየሁ። ከዚያ እኔ ራሴ ሆስፒታል ሄጄ አዲስ ቀን እንደማስይዝ፣ በቀኑም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጥቼ እንደምወስዳቸው ነገርኳቸው። የታጠፈውን ወረቀት መልሰው አቀበሉኝ።

በአዲሱ ቀጠሮ ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በራቸው ላይ የቆምኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ታጁ ፒክአፑን ይዞ መጥቷል፣ ሐጀራ ሱቋን ዘግታለች። ሆስፒታሉ ውስጥ የስምምነት ቅጽ ሰጡኝ። «ዝምድና» ከሚለው ፊት «ተማሪ» ብዬ ጻፍኩ።

«ተማሪ ዝምድና አይደለም» አለችኝ ጸሐፊዋ።

ሐጀራ እስክሪብቶውን ከእጄ ነጠቀችና «ልጅ» ብላ ጻፈችበት። «ይኼው። ደግሞ በዚህ ይከራከሩናል» አለች።

ሁለት ሰዓት ይፈጃል የተባለው አራት ሰዓት ፈጀ። ታጁ ኮሪደሩን ሲመላለስ፣ ሐጀራ የሙስባሃ መቁጠሪያዋን ስትቆጥር፣ እኔ የቀዶ ጥገና ክፍሉን በር እጀታ ሳይ ዋልን። ስምንተኛ ክፍል የፈራሁት ፍርሃት ከዚያን ቀኑ ጋር ሲነጻጸር ጨዋታ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሦስታችንም እንነሳለን፤ ሌላ ሰው ይጠራና እንቀመጣለን።

በመጨረሻ ነርሷ ወጥታ ነቅተዋል፣ አንድ ሰው ብቻ ይግባ አለች። ሁለቱ እኔን ገፉኝ። ስለ ድምፃቸው ስጠይቃት ገና አልታወቀም፣ አልሞከሩትም አለችኝ።

አንገታቸው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ያለ ኮት አይቻቸው አላውቅም፤ ትከሻቸው እንዲህ ጠባብ ይመስለኝ አልነበረም። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። አፋቸውን ከፈት አደረጉና መልሰው ዘጉት። ለመሞከር ፈርተዋል። እኔም እንዳይሞክሩ ፈርቻለሁ። የአልጋውን ብረት ጨብጬ ቆምኩ።

«ብሩህ ተክሌ» አሉ፣ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠሩ እንደነበረው።

ቀጭን ነው፣ ሻካራ ነው፣ ግን የእሳቸው ድምፅ ነው።

«አቤት፣ መምህር» አልኩ። እንባዬ አገጬ ላይ ደርሷል። «እባክዎን፣ አንዴ ደግመው ይጥሩኝ።»