ዳጉ የጠየቀኝ ግመል

ትናንት ሌሊት በሕልሜ በረሃ ወረድኩ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ፈቺ አልፈልግም። ሕልም እንፈታለን የሚሉትን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ የራሳቸውን ኑሮ መፍታት ያቃታቸው ናቸው። ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

ልጄ ይብሬ በአፋር በረሃ ወርጄ፣ ባሕር ተሻግሬ ዓረብ አገር እገባለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ ወሬው የለም። ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ፣ ወሬው የለም። እኔ ባቲ ገበያ ጨው ስሸጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ፊደል ባልቆጥርም ማንም አታሎኝ አያውቅም። ግን ሰው ቀን ሲያብሰለስል የዋለውን ነው ሌሊት የሚያየው፤ እኔም ይብሬን ፍለጋ ስሄድ አየሁ።

መኪና ተሳፍሬ ነበር። መኪናው ግን አይሄድም። ሾፌሩ እግሩን መስኮት ላይ ሰቅሎ ጫቱን ይቅማል፤ የሚሮጠው መንገዱ ነው፣ ከበታቻችን እያለከለከ። ቁጭ ባልኩበት ወገቤ ተቆረጠ። ተሳፋሪው በሙሉ አሮጊት ነበር። ሁሉም የጎረምሳ ቦርሳ በጀርባቸው አንግተዋል። ከውጭ ደግሞ ወጣቶቹ መስኮቱን ይዘው ያለቅሳሉ።

"እማዬ፣ አትሂጂብኝ! እዚሁ ሠርተሽ ትበያለሽ!" ይላል አንዱ ጢማም።

"እዚህ ምን ሥራ አለና!" ትለዋለች እናቱ። "እኩዮቼ ሁሉ ሄደው ቤት ሠሩ። እኔ ብቻ ምድጃ ሥር ልቅር?"

አጠገቤ የተቀመጠችው አንድም ጥርስ የላትም። "አንቺ እዚያ ምን ልትሠሪ ነው?" አልኳት።

"የሰው ቤት" አለችኝ ኮራ ብላ። "የዓረብ ሕፃናት ያጥቡኛል፣ ያጎርሱኛል፣ ሲመሽ እሹሩሩ ይሉኛል። ኮንትራት ነው። አንቺስ?"

"ልጄን ፍለጋ።"

መኪናው ሙሉ አሮጊት ሳቀብኝ። "ልጅ ደግሞ ይጠፋል እንዴ? የሚጠፋው እናት ነው!"

ተናደድኩ። እንዲህ ላለ ከንቱ መልስ አልሰጥም ብዬ ጉፍታዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ተኛሁ። በእንቅልፍ ውስጥ ሌላ እንቅልፍ! ምን ላድርግ፣ ደክሞኝ ነበር።

ቀና ስል መንገዱ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ከፊታችን ያቺ በወሬ የማውቃት የዘንባባ ከተማ ነበረች። በአሸዋው መካከል ምንጭ ያላት፣ ዱሮ የሱልጣን መቀመጫ የነበረች፣ ስንት ነጋዴ ያረፈባት ናት ይባላል፤ ፈረንጅ ሳይቀር ሊያያት ይመጣል። እኔም እንደ ሰው ልያት ብዬ ልብሴን አራግፌ ወረድኩ። ማን ሊያሳየኝ! ከተማይቱ ራሷ እኔን ልትጎበኝ ተነሥታ መጣች። የጭቃው ግንብ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እየተንገዳገደ መጣ። የሱልጣኑ በር ሁለቱን ሳንቃዎቹን እንደ ክንፍ እያራገበ ተከተለው። ዘንባባዎቹ ደግሞ "ኧረ ይሄ ፀሐይ!" እያሉ መጥተው በኔ ጥላ ሥር ተቀመጡ። የኔ ጥላ ደግሞ ምን ታክላለች! አንዱ ረዥም ዘንባባ ጀርባውን ጉልበቴ ላይ ደገፍ አደረገ።

"ተነሥ ወዲያ! እኔም ልቀመጥ" አልኩት።

"ጥላ ቆሞ ነው እንጂ ተቀምጦ አያውቅም" አለኝና አንኮራፋ።

ወዲያው ኮፍያ ያደረገች ፍየል መጣች። በዱላዋ ወደ እኔ እየጠቆመች ለግንቡና ለበሩ ታስረዳ ጀመር።

"ይህች የምታዩዋት ጥንታዊት አሮጊት ናት። ከደጋ የመጣች ናት። አደራ እንዳትነኳት፣ ወገቧ ተሰንጥቋል።"

"በማን ዘመን ተሠራች?" አለ በሩ።

"አይታወቅም። ላይዋ ላይ ምንም ጽሑፍ አልተገኘም።"

"ጦይባ እባላለሁ! የኡመር ልጅ ነኝ! እኔን አትጠይቂም? አፍ የለኝም?" ብዬ ጮኽኩ።

ግንቡ ደንግጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ። "አይዟችሁ" አለች ፍየሏ። "ንፋስ ሲገባባት እንዲህ ትጮኻለች።"

"ታድሳ ታውቃለች?"

"አንድ ጊዜ ጥርሷን ሊጠግኑላት ነበር። በጀት የለም ተብሎ ቀረ።"

በዕድሜዬ እንዲህ የደፈረኝ የለም፤ ያውም ፍየል! "ዐረፋ ይድረስ ብቻ፣ አንቺና እኔ እንተያያለን" አልኳት።

"እዚህ ለዐረፋ የምናርደው እኛ ነን" አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ኮፍያዋን እያስተካከለች።

ከዚያ በኋላ እዚያ ቦታ ምን አቆመኝ! ዘንባባውን ገፍቼ ወጣሁ። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበርና ምንጩ ወዳለበት ሄድኩ። እዚያም ሰው በጀሪካን ውሃ ተሸክሞ ተሰልፏል። ምንጩ አፉን ከፍቶ ተጋድሞ "ጨምሩ፣ ጨምሩ" ይላል፤ እነሱም በየተራ ያጠጡታል።

"በአላህ ይዤሃለሁ፣ አንድ ጉንጭ ስጠኝ" አልኩት።

ምንጩ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። "አንቺማ ደርቀሻል፤ ካንቺ የሚቀዳ የለም። እለፊ፣ ወረፋ አትዝጊ።"

አለፍኩ። ከምንጩ ወዲያ የጨው ቅፍለት ይመጣል። ግመሎቹ ሽርጥ ታጥቀው፣ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ መፋቂያ አፋቸው ውስጥ እያንከባለሉ ይሄዳሉ። ጨውን የተሸከሙት ጎረምሶች ናቸው። አንዱ ካንዱ ወገብ ለወገብ በገመድ ተያይዘዋል። እስከዚያ ድረስ ቢያናድደኝም ያስቀኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሳቄ ጠፋ።

የግመሎቹ ሽማግሌ አንዲት ግራር ሥር ተቀመጠ። እያነከስኩ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። "አንተ ሽማግሌ፣ ልጄን ይብሬን አይተኸዋል? ቀጭን ነው፣ ሲሄድ ግራ ትከሻው ዘመም ይላል።"

"ተቀመጪ፣ አንቺ ደገኛ" አለኝ። "ዳጉ ሳትሰጪኝ ዳጉ ትጠይቂኛለሽ?"

ዳጉን አውቃለሁ። ዕድሜዬን ከአፋር ጨው ስገዛ የኖርኩ ነኝ። ሁለት መንገደኛ ሲገናኙ ጉዳያቸውን ጥለው ቁጭ ይላሉ። አንዱ ያየውን የሰማውን ሳያስቀር ይናገራል፣ ቀጥሎ ሌላው ይናገራል። መቀባጠር የለም፣ መዋሸት ነውር ነው። ሰጥተህ ነው የምትቀበለው። በረሃ ላይ የጠፋ ሰው የሚገኘው በዚያ ነው። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ጥያቄ ብቻ ተሸክሜ መጣሁ።

"ባቲ ላይ ጨው ተወዷል" አልኩት።

"ማን ነገረሽ?"

"ሰው።"

"ሰውየው ከማን ሰማ?"

"እኔ ምን አውቄ!"

ግመሉ መፋቂያውን ተፋ። "እሱን ተዪው። በመንገድሽ ምን አየሽ?"

ደጋው ዘንቧል፣ ሣሩ ለምልሟል ልለው ምላሴ ጫፍ ደረሰ። ግን የጦይባ አፍ ይሳደባል እንጂ አይዋሽም። "ተኝቼ ነበር" አልኩት።

"የተኛ ሰው ዳጉ የለውም። ልጅሽ ካንቺ ይሻላል፤ ሲያልፍ ዳጉውን ሰጥቶን ነው ያለፈው።"

"አልፏል? በዚህ አልፏል?" እፊቱ አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ።

"አንቺን ሲጠይቅ ነበር። አጭር አሮጊት ናት፣ እሷ ሳትደርስ ምላሷ የሚደርስ፣ አላያችኋትም? አለን። አላየንም አልነው።"

"በየት በኩል ሄደ? ተናገር!"

"ያየሽውን ንገሪኝና እነግርሻለሁ።"

"ምንም አላየሁም አልኩህ እኮ!"

"አሁን ነቅተሻል" አለኝ። "እይ።"

ተነሣሁ። ከቅፍለቱ ጫፍ ጀምሬ የእያንዳንዱን ልጅ ፊት አየሁ። የሰው ፊት ማየት እንዲህ የሚያደክም ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ጨርሼ ተመለስኩና ነገርኩት።

"ከፊት ያለው ልጅ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ ደርቋል። ውሃ አለሽ? አለኝ፤ የለኝም አልኩት። የሚከተለው አንድ ጫማ ነው ያለው፤ ባዶ እግሩን በፌስታል አስሮታል። ከሱ ኋላ ያለው ቆሞ ተኝቷል፤ የሚያስኬደው ገመዱ ነው። ሌላው ሳቀልኝ። እማማ፣ ስንመለስ ቆርቆሮ ቤት እንሠራልሻለን አለኝ። ጉንጩ ላይ ገና ፀጉር አልበቀለም። መጨረሻ ላይ ያለው ገመድ ባዶ ነው። ሰው የለበትም። አሸዋው ላይ እየተጎተተ መስመር ሠርቷል። ይብሬ ከመካከላቸው የለም። ያየሁት ይሄ ነው። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።"

ግመሉ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሰማኝ።

"ይሄ ዳጉ ነው" አለ። "እንግዲህ የኔን ስሚ። ልጅሽ ይብሬ..."

"እትየ ጦይባ! እትየ ጦይባ! ኧረ ይክፈቱ!"

በሬ ተንኳኳ፣ ነቃሁ። ነግቷል። ከፈትኩ። ጎረቤቴ ስንዱ ናት፣ ስልኬን ይዛ። የኔ ቤት መብራት ስለሌለው ቻርጅ ልታደርግልኝ እሷ ዘንድ ነበር ያደረው።

"የምሥራች! ይብሬ ደወለ!"

"አልሐምዱሊላህ! አምጪው፣ አምጪው ስልኩን!"

"ተቋረጠ እኮ። የሰው ስልክ ነው፣ ሒሳቡ አለቀበት መሰለኝ።"

"የት ነው ያለው?"

"እሱን ልጠይቀው ስል ነው የተቋረጠው።"

"ታዲያ እስከዚያ ምን ስትባባሉ ነበር?"

"ሰላም ስንባባል ነዋ! እንደምን አደርሽ? አለኝ። እንደምን አደርክ? አልኩት። ደህና ነሽ? ደህና። ልጆችሽ ደህና? ደህና። ባልሽስ? ደህና። ከብቱስ? ደህና። እናቴስ እንዴት ናት? ደህና ናቸው አልኩት። ወገቧንስ? ተሽሏቸዋል አልኩት። እኔም በተራዬ፣ አንተስ ደህና ነህ? ደህና። ጤናህስ? ደህና። አብረውህ የሄዱት ልጆችስ ደህና ናቸው? ስለው ጢጥ አለ።"

"ደውዪለት!"

"ደወልኩ። የሚያነሣው ሌላ ሰውዬ ነው። በዓረብኛ ይጮህብኛል።"

"ቀድመሽ የት ነህ አትዪውም?"

"ሰላም ሳልለው? ፖሊስ ነኝ እንዴ፣ እትየ ጦይባ?"

"እሺ እኔን ለምን አልቀሰቀስሽኝም? ግድግዳ እኮ ነው የሚለየን!"

"ቆይ ልቀስቅሳቸው ብዬው ነበር። ተያት፣ ደክሟት ይሆናል፣ ትተኛ አለኝ።"

ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ልሰድባት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ስድቡም ደከመኝ።

"ድምፁስ?" አልኳት። "ድምፁ እንዴት ነበር?"

"ደህና ነበር" አለችኝ።

ደህና! የዚህ አገር ሰው አፉን አሸዋ ሞልቶትም ደህና ነኝ ነው የሚለው።