የስንዱና የዘርፌ የእርጋታ ውድድር

ሰው ሕልም የሚያየው ሌሊት ነው። ስንዱ ግን አርብ ዕለት ከምሳ በኋላ፣ ደሴ ገበያ ዳር ባለችው የልብስ ስፌት ሱቋ ውስጥ፣ ግንባሯን የስፌት መኪናዋ ላይ ደፍታ አየችው። ሱቁን የተከራየችው ከዘርፌ ጋር ነው። ሁለቱም ልብስ ሰፊ፣ ሁለቱም የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ሲሰፉ ተጣልተው አያውቁም። ነገር የመጣው ዘርፌ ጭንቀትን ስለመቀነስ የሚያስተምር የአምስት ቀን ሥልጠና ወስዳ የተመለሰች ዕለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘርፌ ሌላ ሰው ሆነች። ሥራ ከመጀመሯ በፊት ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ትተነፍሳለች። ከምሳ በኋላም እንደዚያው። ሻይ ስትጠጣ ሻይዋን ብቻ ትጠጣለች፤ ስልክ አታነሳም፣ ሰው አታማም። ስንዱ ደግሞ ጨርቅ በተጣመመባት ቁጥር ታቦት የምትጠራ ሴት ናት። ደንበኛው ሁሉ "የዘርፌ ፊት እንዴት አማረበት!" ማለት ሲጀምር አንጀቷ አረረ። እሷም ቤቷ ገብታ፣ በሯን ዘግታ፣ ለመተንፈስ ሞክራለች። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር የሚታያት ግን የዘርፌ ፊት ነው።

በዚህ ላይ የእትዬ ደብሪቱ ሠርግ መጣ። እትዬ ደብሪቱ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። "የሙሽራዋንና የስድስት ሚዜዎቿን ልብስ አንዳችሁ ትሰፉልኛላችሁ፤ አርብ ዘጠኝ ሰዓት ጨርቁን ይዤ መጥቼ ከሁለታችሁ አንዷን እመርጣለሁ" አሉ። እንዲህ ያለ ሥራ በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። ስንዱ ከማክሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም። አርብ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ግን ሳታስበው ይዟት ሄደ።

ከሱቋ ስትወጣ ከተማው ተገልብጧል። አህዮች ጥላ ሥር ተጋድመው ሻይ ይጠጣሉ። ነጋዴዎቹ ጤፉን በጀርባቸው ተሸክመው ሲያልፉ አህዮቹ "ቀስ በሉ እንጂ፣ ወገባችሁን!" ይሏቸዋል። የባጃጅ ነጂዎች መንገድ ዳር ተሰልፈው ተሳፋሪውን "ዛሬ ባትደርስስ ምን ቸገረህ?" እያሉ ይለምናሉ። አንድ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካውን ነፍቶ ስንዱን አስቆማት።

"ለምን ትሮጫለሽ?"

"ኧረ ቆሜያለሁ ጌታዬ!"

"ልብሽ ነው የሚሮጠው። ሃምሳ ትንፋሽ ተቀጥተሻል፤ እዚሁ ክፈይ።"

አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብላ ሃምሳውን ተነፈሰችለት። ከሠላሳ በኋላ ቆጠራውን ወደ ሃያ መልሶ ሊያታልላት ሲሞክር "ሠላሳ አንድ ላይ ነን!" ብላ ተከራከረችው። ቀና ስትል ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ናት። ሕዝቡ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ ይመለከታል። መድረኩ ላይ እትዬ ደብሪቱ ነጩን ጨርቅ ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው መነጽር ያደረገ በግ የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ቆሟል።

"ይበልጥ የተረጋጋችው የሙሽራዋን ልብስ ትሰፋለች" አለ በጉ።

ስንዱና ዘርፌ ፊት ለፊት ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"አንድ ዓይን ተከፍቷል" አለ በጉ።

"አቧራ ገብቶበት ነው፣ ጌታው!" አለች ስንዱ።

"የቱ ዓይን?"

"ዘርፌን የሚያየው።"

ያ ዓይን ያየው ነገር ግን ደስ ይል ነበር። ዘርፌ ተርበትብታለች! እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ስፒል ከአፏ ይረግፋል፣ "ወይኔ አልደርስም፣ ወይኔ ሠርጉ ደረሰ!" ትላለች። የስንዱ ልብ ቅቤ ጠጣ። ትከሻዋ ወረደ፣ ግንባሯ ተፈታ፤ ስምንት ዓመት ያልተነፈሰችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነፈሰችው። በጉ ቀርቦ የደረቷን መነሳትና መውረድ በሜትሩ ለካ።

"ሁለት ሴንቲ ብቻ! እንዲህ ያለ እርጋታ በጎች መካከል እንኳ አላየሁም" ብሎ የጥጥ ዘውድ ጫነላት። ሕዝቡ ሳይነሳ አጨበጨበ።

ይኼኔ እትዬ ደብሪቱ ብድግ ብለው፣ ስንዱን አልፈው፣ ዘርፌ አንገት ላይ ተጠመጠሙ። "ለኔ ልጅ ብሎ እንዲህ የሚጨነቅ ማን አለ? እናቷ እኔ እንኳ እንዲህ አልሆንኩ!" እያሉ ጨርቁን አስታቀፏት።

ስንዱ ዘውዱን መሬት ላይ ወረወረችው። "እኔ ከእሷ በላይ እጨነቃለሁ! ሰፈር ይመስክር!" ብላ ልትጮኽ አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው ግን ማዛጋት ነው። ልትንቀጠቀጥ ሞከረች፤ እጇ እንደ ድንጋይ ረጋ። ዕድሜ ልኳን ያልተለያት ጭንቀት በቁርጥ ቀን ጥሏት ሄደ። ዘርፌ ደግሞ ጨርቁን ታቅፋ እንዴት አምሮባት ትርበተበታለች!

"እባክዎ፣ ጌታው፣ ትንሽ ጭንቀት ያበድሩኝ!"

"ዘግይተሻል፤ አንቺ ድነሻል" አላት በጉ፣ እያዘነላት። ትከሻዋንም ይዞ ይነቀንቃት ጀመር።

የምትነቀንቃት እማዋይሽ ናት፤ አጠገባቸው ቁልፍና ዚፕ የምትሸጠው።

"ተነሺ እንጂ አንቺ! እትዬ ደብሪቱ መጥተው ሄዱ!"

"ወዴት ሄዱ?"

"ማዶ፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ ንጋቱ ዘንድ። በሩ ላይ ቆመው ሦስት ጊዜ ተጣሩ። ሁለቱም ተኝተዋል ብለው ጨርቁን ለሱ ሰጡት።"

ስንዱ ወደ ጎን ዞረች። ዘርፌ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ዓይኗን ቀስ ብላ ገለጠች።

"እኔ እንኳ አልተኛሁም፤ እየተነፈስኩ ነበር" አለች።

"ታዲያ ሲጣሩ አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ። የሚመጣውን ድምፅ ሁሉ ሳትይዙ አሳልፉት ብለው አስተምረውናል። አሳለፍኩት።"

"ሦስቴ?"

"ሦስቴም።"

ዘርፌ ወደ መኪናዋ ጎንበስ ብላ ክር አነሳችና በመርፌው ቀዳዳ አስገባችው፤ በአንዴ ገባላት። ማዶ የጋሽ ንጋቱ መኪና ይንጣጣል። ስንዱ ከሰባት ሴት ልብስ ይልቅ ያ ክር በአንዴ መግባቱ አንገበገባት።