የእትዬ ኡምኩልሱም እሪታ

ልክ የሚባል ነገር ሲታደል ያልነበረ ሰው በየሰፈሩ አንድ አለ። ሁለት ያለበት ሰፈር አላየሁም፤ ኖሮም ከሆነ ፈርሷል። ይህ ሰው ሲወድ እንቅልፍ የለውም፣ ሲያምን ጥያቄ የለውም፣ ሲያዝን ደግሞ አገር አስከትሎ ነው የሚያዝነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ወይ አጎታችሁ ነው፣ ወይ ባለሱቁ፣ ወይ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችሁ ተቀምጦ እስክትወርዱ ድረስ ስለ አንድ ዘፋኝ ሲምል ሲገዘት የነበረው ሰውዬ። ለእኔ የደረሱኝ በወሎ ቦረና የመካነ ሰላሟ ክብርት እትዬ ኡምኩልሱም ናቸው።

እኔ ከአባይ ማዶ፣ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ አስተማሪ ነኝ። በልክ የምበላ፣ በልክ የምስቅ፣ የሬዲዮ ድምፅ ከፍ ሲል ልቤ ድው ድው የሚል ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ከእትዬ ኡምኩልሱም ጋር አንድ አጥር ሲጋራ ምን እንደሚከተል አስቡት። የአባይን በረሃ ፍሬኑ በሚያጠራጥር አይሱዙ ወርጃለሁ፤ እዚህ ሰፈር የደነገጥኩትን ያህል ግን አልደነገጥኩም።

እትዬ ጅዳ ውስጥ ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርተው የተመለሱ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ፈርሂያ ደግሞ በተራዋ እዚያው ጅዳ ትሠራለች። ስለዚህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው፤ ድምፃቸውን ከአጥር ወዲህ ለሚሰማ ግን ቤቱ ሠርግ ያለበት ይመስላል። "ግማሽ ልብ ለጅብ!" የምትል አባባል አለቻቸው። ሽንኩርት ሲገዙም ይሏታል፣ ሰው ሲመክሩም ይሏታል፣ እኔ "ሻዩ ይበቃኛል" ስላቸውም ይሏታል።

ከሃይማኖቱ ልጀምር። አንድ ሐሙስ ዱዓ ላይ ጠሩኝ፤ ወሎ ላይ ክርስቲያን ነኝ ብሎ ከዱዓ መቅረት ነውር ነውና ሄድኩ። ሼህ ሙሐሲን እጃቸውን ዘርግተው "ያ ረቢ፣ ይህቺን ከተማ…" ከማለታቸው እትዬ "አሚን!" አሉ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና "ይህቺን ከተማ…" ሲሉ፣ "አሚን! አሚን!"

"ኧረ ኡምኩልሱም፣ ልጨርስ እንጂ! ብረግምስ?" አሏቸው ሼሁ።

"አንቱ መች ይረግማሉ ሼሄ? ደሞ ቢረግሙም እኔ አሚኑን ለበጎው አስቀድሜዋለሁ!"

ጥምቀት ሲሆን ደግሞ እኚሁ ሴት ደጃቸው ላይ ቆመው ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ወጣቶች ያዝዛሉ። "ቀጥ አድርጉት እንጂ! ታቦት በተጣመመ ምንጣፍ ይሄዳል እንዴ?" ይላሉ። አንድ ዓመት አንድ ቄስ ፈገግ ብለው፣ "እትዬ፣ በዓሉ የኛ መስሎኝ" ቢሏቸው፣ "በደጄ ካለፈማ እንግዳዬ ነው!" ብለው እልልታቸውን አቀለጡት። ቄሱም ምንጣፉን ቀና አስደረጉ።

ፖለቲካው የባሰ ነበር። የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሲቃረብ አገር ሁሉ ክርክር ለመስማት ሬዲዮ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ እትዬም ተጣበቁ። ችግሩ የሚናገረው ሰው ሁሉ የሚያሳምናቸው መሆኑ ነው። ጠዋት የገዢው ፓርቲ የንብ ሥዕል ያለበት ቆብ አድርገው ይወጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ በዚያው ቆብ እንደ ተቃዋሚዎቹ ሁለት ጣታቸውን እያውለበለቡ ይመለሳሉ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ምናለ መንገድ ላይ አስቁሟቸው "እትዬ፣ ለመሆኑ የማን ነዎት?" ቢላቸው፣ "የተናገረው ሰው ነኛ!" አሉት። ምናለ ይህ የማን ወገን እንደሆነ ሲያሰላ ቆሞ ቀረ።

የምርጫው ዕለት ከኋላቸው ተሰልፌ ነበር። የሲቪክስ መምህር ሲጠፋ እየተካሁ፣ ድምፅ ምስጢር ነው ብዬ የማስተምር ሰው ነኝ። እትዬ ከመጋረጃው ውስጥ ሆነው "ሁለቱንም መርጫለሁ!" ብለው ጮኹ። ሰልፉ ሁሉ ደነገጠ። አስመራጯ፣ "እትዬ፣ እንዲህ ከሆነ ወረቀትዎ ይበላሻል" ብትላቸው፣ "ሁለቱም ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ለምነውኛል። አንዱን አስቀይሜ ቤቴ አልገባም!" አሏት። ድምፃቸው ተበላሸ፤ እሳቸው ግን ያን ዕለት እንደ እሳቸው የመረጠ ሰው እንደሌለ ዛሬም ይምላሉ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈርሂያ ከጅዳ ቴሌቪዥንና ዲሽ ላከች። ያን ጊዜ ሰፈር መቀየር ነበረብኝ፤ አልቀየርኩም።

በዲሹ ወደ ዐረብኛ የተመለሰ የቱርክ ተከታታይ ድራማ ይመጣል። ዐረብኛ የሚሰማ በሰፈሩ እትዬ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሴት ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ እሳቸው ቤት ይታደማል፤ እሳቸው ቆመው ይተረጉማሉ። ትርጉማቸው ከፊልሙ ይረዝማል። ተዋናዩ "ነይ" ካለ፣ እትዬ "ነይ የኔ ዓለም፣ ናፍቆትሽ ገደለኝ፣ ለመሆኑ ምሳ በልተሻል?" ይሉታል። ጀላል የሚባል መልከ መልካም ወጣት ነበረበት፤ አባቱ የከዳው፣ ወንድሙ የሚመቀኘው። ጎረቤታችን እማማ ሐረግ ለዚህ ልጅ ለማርያም ተስለውለት እንደነበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ያ ቀን ኅዳር ውስጥ ነው። መከር ነው፤ ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ስለ ዝናብ መጠን እያስተማርኩ ነበር። ከሰፈር በኩል እሪታ መጣ። የሞት እሪታ።

ቅሬ ማለት እኛ ጎጃሞች ዕድር የምንለው ነው፤ እዚህ ግን ከዕድር ይበልጣል። እስላም ክርስቲያን ሳይል አንድ ላይ ነው፣ እሪታ ከተሰማ ደግሞ በእጅ ያለ ሥራ ሁሉ ይጣላል። ገበሬው ደሳለው በሬዎቹን ከስንዴው ጋር አውድማ ላይ ለቆ ሮጠ። ባለሱቆች ዘጉ። ወጣቶች መቆፈሪያና አካፋ ይዘው ወደ መቃብሩ ቦታ ወረዱ። እኔም ጠመኔዬን እንደያዝኩ ሮጥኩ።

እትዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ደረታቸውን እየመቱ መንገድ ላይ ናቸው። "ጀላልዬ! ጀላል ጋሻዬ! በገዛ ወንድምህ እጅ!" ይላሉ። እማማ ሐረግ ከኋላ ይቀበላሉ። የቅሬው ዳኛ አያ አራጌ በትራቸውን ተደግፈው ቀረቡ።

"አላህ ያጥናሽ ኡምኩልሱም። ሟች ምንሽ ነው?"

"ልጄ በሉት አያ አራጌ! በዓይኔ እያየሁት በጥይት!"

"አገሩ ወዴት ነው?"

"ኢስታንቡል!"

አያ አራጌ ከጎረቤት ወረዳ ከከላላ ወዲያ ያለ ቀበሌ መሰላቸው። "መንገዱ ሩቅ ነው? አስከሬኑ መቼ ይገባል?"

"ነገ በዚሁ ሰዓት ያሳዩታል!"

 ይሄኔ በተከፈተው በር ከእትዬ ቤት የሻምፑ ማስታወቂያ ዘፈን በዐረብኛ ተሰማ። ጉድ በል ጎንደር ይባላል፤ ያን ቀን ጉድ ያለው ቦረና ነው።

የሳቀ ሰው የለም። ደሳለው ወደ አውድማው ሲመለስ በሬዎቹ ስንዴውን ግማሽ በልተው ግማሹን ረግጠው አገኛቸው። የባሰው ደግሞ መቃብሩ ነው። ለወጣቶቹ እስኪነገራቸው ድረስ ጉድጓዱ ከጉልበት አልፎ ነበር፤ ሽማግሌዎች ደግሞ "ባዶ መቃብር ሰው ይጠራል" ይላሉ። ማምሻውን አያ አራጌ አስነገሩ፦ በሐሰት እሪ ያለ ከቅሬ ይወጣል፤ ጉዳዩ እሑድ ቅሬው በሚሰበሰብበት ወይራ ሥር ይታያል።

ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ቢታመም አይጠየቅም፣ ቢሞት ሬሳውን የሚያነሳለት የለም። ልጇ ባሕር ማዶ ለሆነች ብቸኛ ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት አስተማሪ አያስፈልግም። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ አልሰማሁም። በዚህ ከተማ ከደነገጥኩት ሁሉ ይሄኛው አስደነገጠኝ።

እሑድ ወይራው ሥር እትዬ መሬት ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ደፉ። አያ አራጌ "ምን ትያለሽ?" አሏቸው።

"ውሸት መሆኑን ልቤ ያውቅ ነበር አያ አራጌ። እግሬ ነው ያላወቀው። ሰው ሲሞት አየሁ፣ ወጣሁ። ከፈረዳችሁብኝ ግን ለፈርሂያ እንዳትነግሯት። እዚያ ሆና እናቴን ማን ይቀብራታል ብላ ታብዳለች።"

አንዱ "ይውጡ" አለ፣ ሌላው "ሕግ ሕግ ነው" አለ። ስብሰባ ላይ ተናግሮ የማያውቅ አንድ ሰውዬ ተነስቶ ቆሞ አገኘሁት፤ እኔው ነበርኩ።

"ባለፈው ክረምት አባቴ ሞተ" አልኩ። "መርዶው የደረሰኝ ከተቀበረ በኋላ ነው። አባይ ሞልቶ መሻገሪያ አልነበረም። እዚህ ከተማ እሱን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። እትዬ አጥሩን ዞረው መጥተው 'አባትህ ማን ይባላል? ምን ይወድ ነበር?' አሉኝ። አያሌው ይባላል፣ በቅሎ ይወዳል አልኳቸው። እስከ ሰልስቱ ድረስ አያሌውን ከነበቅሎው እየጠሩ አለቀሱት። አባቴን አንድ ቀን አላዩትም። ጀላልን እንኳ በቴሌቪዥን አይተውታል።"

ተቀመጥኩ። ማልቀሴን ያወቅሁት አጠገቤ ያለው ሰው ፎጣውን ሲሰጠኝ ነው።

አያ አራጌ "ተበዳዩ ደሳለው ነው፤ እሱ ይናገር" አሉ። ደሳለው ተነሳ። ፊቱ ጠቁሯል።

"ስንዴዬን በሬ በልቶታል። ተናድጃለሁ፤ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። ግን እሳቸውን ብታስወጡ፣ እኔ ስሞት ማነው የሚያለቅስልኝ? እናንተ ናችሁ?" ተሰብሳቢውን አንድ በአንድ አየው። "ባለፈው የአያ መኮንን ለቅሶ ላይ አይቻችኋለሁ። ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ነበር የምታወሩት።"

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። እያንዳንዱ የጎረቤቱን ፊት እያየ፣ እኔ ስሞት ይህ ሰውዬ እንዴት ሊያለቅስልኝ ነው ብሎ ሲገምትና ሲደነግጥ በዓይኔ አየሁ። አያ አራጌ ራሳቸው ጉሮሯቸውን ሁለቴ ጠረጉ። ከዚያ ፈረዱ፤ እትዬ ለደሳለው የቀረውን ስንዴ ሲያበራይ ምሳውን ያቀርባሉ፣ ድራማ ሲያዩ በራቸውን ይዘጋሉ፣ ጉድጓዱም በሼህና በቄስ ጸሎት ይደፈናል። ከቅሬ ግን አይወጡም። ይህን የምትደግፉ ሲባል ወይራው ሥር ያልተነሳ እጅ አልነበረም።

እንግዲህ ይሄው ነው። ትናንት በራቸውን ዘግተው ለሌላ የድራማ ልጅ ሲያለቅሱ ሰማኋቸው፤ የተዘጋው በር ምንም አላገደም። ትራሴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ፈጣሪ ዕድሜያቸውን ከዕድሜዬ እንዲያረዝምልኝ ለመንኩ። ከሳቸው በኋላ መሞት ያስፈራኛል።